አመዱን ከመዝገናችሁ በፊት

ባሳለፍነው ታኅሣሥ ነው። የማሽላው ምርት ገብቶ አገዳው በየግቢው ተከምሯል። ራያ ውስጥ፣ ቆቦ ላይ የሃምሳ ቆርቆሮ ቤት የሚያሠሩ ጎረቤታችን መንገድ ላይ አገኙኝ። የመሠረቱ ቦይ ተቆፍሯል፣ ፌሮው ታስሯል፣ ለሲሚንቶ የተያዘው ገንዘብ ግን ሥራው ገና ሳይጀመር ተመናምኗል። ወደ ጥላው ሳብ አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ይሄ የአመድ ነገር እውነት ነው? ሲሚንቶ ይተካል የሚሉት?» አሉኝ።

«እውነት ነው ጋሼ፤ ግን እንደሚወራው አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ እንዴት ነው?»

ለእሳቸው የነገርኳቸውን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ። እኔ የኮንክሪት ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ከየሳይቱ ለናሙና የሚመጣውን የኮንክሪት ኩብ ፕሬስ በሚባለው መጭመቂያ ላይ አስቀምጬ እሰብራለሁ፣ መርፌው የቆመበትን ቁጥር እጽፋለሁ። ኩቡ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት በ28 ቀኑ 562 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 57 ቶን ያህል እንዲሸከም ይጠበቃል። ጥሩ ኩብ ሲሰበር ይጮኻል። ጧ ብሎ ጎኖቹ ይረግፉና መሐሉ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ፒራሚዶች መስሎ ይቀራል። ደካማ ኩብ ድምፅ የለውም፤ እንደ ሻገተ ዳቦ ይፈረፈራል። አመድ የገባባቸው ኩቦች ሲጮኹም ሲፈረፈሩም አይቻለሁ። ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አይወራም። እኛ ሻይ ላይ ነው የምንቀባበለው።

ሳይንሱ አጭር ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቃጠሉ ክሊንከር ይሆናሉ፤ ክሊንከር ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ውሃ ሲያገኝ ይጠጥራል፣ እየጠጠረ ግን ነፃ ኖራ ይለቃል። ያ ኖራ ለኮንክሪቱ ጉልበት ብዙም አይጨምርም፤ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የአንዳንድ ሰብል አመድ ሲሊካ በብዛት አለው። ሲሊካው በትክክል ከተቃጠለና ከላመ ያንን ሥራ ፈት ኖራ ይዞ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይሠራል። ሮማውያን ከ2,000 ዓመት በፊት ኔፕልስ አጠገብ ካለችው ከፖዙዎሊ የእሳተ ገሞራ አመድ እየቆፈሩ ወደብ ገንብተውበታል። እንዲህ ላለው አመድ የተሰጠው ፖዞላና የሚለው ስምም ከዚያች ከተማ የመጣ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ፖቪንዳር ኩማር ሜህታ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሩዝ ገለፈት አመድ ይህንኑ እንደሚሠራ አሳዩ። የዓለም ሲሚንቶ ምርት ብቻውን ከሰው ልጅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከመቶ 7 እስከ 8 ያህሉን ስለሚሸፍን፣ ዛሬ ሁሉም ይህን መንገድ እየፈለገ ነው። ስለዚህ «አመድ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ተመልሷል። የቀረው የእኛ ጥያቄ ነው፦ የትኛው አመድ፣ ከየትኛው ሲሚንቶ ጋር፣ በማን እጅ?

ከሲሚንቶው ልጀምር፤ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚስተው እሱን ነው። ሱቅ ገብታችሁ «ሲሚንቶ ስጠኝ» ስትሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ፒፒሲ ነው። ፒፒሲ ማለት ፋብሪካው ራሱ አስቀድሞ ፖዞላና የቀላቀለበት ሲሚንቶ ነው። ስምጥ ሸለቆአችን በዚህ ሀብታም ስለሆነ ፋብሪካዎቻችን ፑሚስ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያመጡ ከክሊንከሩ ጋር ይፈጩታል። ሴም 2/ቢ-ፒ በሚባለው ደረጃ ውስጥ ፖዞላናው ከመቶ ከ21 እስከ 35 እንዲደርስ ይፈቀዳል። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ ፒፒሲ ለቤት ጥሩ ሲሚንቶ ነው። ነገር ግን የአመድ ጥናቶችን ገልጣችሁ ብታነቡ ብዙዎቹ የተሠሩት በኦፒሲ ነው፤ ማለትም ፖዞላና ባልገባበት ሲሚንቶ። «ከመቶ 20 አመድ ተክተን ጥሩ ውጤት አገኘን» የሚለውን ጥናት ያነበበ ሰው ቆቦ መጥቶ በፒፒሲ ላይ ያንኑ ቢያደርግ ምን ይሆናል? ፒፒሲው ውስጥ ከመቶ 30 ፖዞላና ካለ፣ ከ100 ኪሎ 20ውን በአመድ ሲተካ የሚቀረው ክሊንከር 56 ኪሎ ገደማ ነው። ክሊንከር ሲያንስ የሚለቀቀው ኖራም ያንሳል። አመዱ ደግሞ የሚሠራው በዚያ ኖራ ነው፤ ፑሚሱ ቀድሞ ከበላው የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። አመድ ገብቶባቸው ሲፈረፈሩ ካየኋቸው ኩቦች የብዙዎቹ ጉዳይ ይህ ነበር። ያመጡልኝ ሰዎች ሊያታልሉ አልመጡም። ያነበቡትን ነው የሠሩት፤ ያነበቡት ግን ስለ ሌላ ሲሚንቶ ነበር።

ስለ ጥናቶቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎቹን ስለምወዳቸው ነው የምናገረው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ልጅ ወደ ላብራቶሪ ሲመጣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ይታወቀኛል፦ 0፣ 5፣ 10፣ 15፣ 20 ከመቶ። ተረፈ ምርቱን በርሜል ውስጥ ያቃጥላል፣ አመዱን በወንፊት ያሳልፋል፣ ኩብ ይሞላል፣ በ7 እና በ28 ቀን ይሰብራል፣ «10 ከመቶ ይሻላል» ብሎ ይደመድማል። ውጤቱ ሐሰት አይደለም። ግን አመድ ዘገምተኛ ነው። በ28 ቀን ወደ ኋላ የቀረው ኩብ በ56 እና በ90 ቀን ሊደርስ፣ አንዳንዴም ሊያልፍ ይችላል። ልጁ ግን 90 ቀን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ ጽሑፉን የሚከላከልበት ቀን ደርሷል። ስለዚህ የአመድን ዋና ጠባይ ሳያይ ይመረቃል። የሚቀጥለው ዓመት ልጅ ደግሞ ሌላ ገለፈት ይዞ ከ0 ይጀምራል።

ደህና ከተሠሩት አንዱን ልጥቀስ። በ2012 እ.ኤ.አ. ብሩክ ኃይሉና ፕሮፌሰር አበበ ድንቁ «ዘዴ» በተባለው የኢትዮጵያ መሐንዲሶች መጽሔት ላይ የወንጂ ስኳር ፋብሪካን የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድ ፈትሸው፣ እስከ 10 ከመቶ ሲተካ ኮንክሪቱ ከመደበኛው ጋር የሚመሳሰል ወይም የሚሻል ሆኖ እንዳገኙት አስነብበዋል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወንጂ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ፋብሪካ ነው። ሸንኮራው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ገለባ ለቦይለሩ ማገዶ ያደርገዋል። አመዱ የሚወጣው ኮንክሪት ኖረም አልኖረም ነው። አመዱን ለማግኘት ማንም ምንም አላቃጠለም። በወንጂና በራያ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

«ተረፈ ምርት» የሚለው ቃል ቢሮ ውስጥ የተወለደ ቃል ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ከማሽላ የሚተርፍ ነገር አሳዩኝ። እሸቱ ይበላል፣ ፍሬው ጎተራ ይገባል፣ ቅጠሉ ለከብት ነው፣ አገዳው ለከብትና ለግመል ነው፣ ወፍራሙ ለአጥርና ለጎጆ ክዳን ነው፣ የቀረው ማገዶ ነው። የጤፍ ጭዱም ቢሆን ግማሹ ለበሬ፣ ግማሹ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ለግድግዳ ነው። የራያ ገበሬ ደጋሊትና ጅጉርቴ የሚባሉትን የማሽላ ዘሮች የሚወድበት አንዱ ምክንያት አገዳቸው ነው። አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋሙት እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ሲመጡ ብዙ ገበሬ ፊቱን ያዞረው ቁመታቸው አጭር፣ አገዳቸው ጥቂት ስለሆነ ነው። ፍሬ የሚሰጥን ዘር «አገዳ የለውም» ብሎ የሚመልስ ገበሬ ባለበት አገር አገዳን ቆሻሻ ማለት ከባድ ስሕተት ነው።

ለጋሼ ወረቀት ላይ ያሰላሁላቸውን ሒሳብ ልድገመው። ለአንድ ሜትር ኪዩብ ሲ-25 ኮንክሪት ብዙ ጊዜ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል። 10 ከመቶ በአመድ ይተካ እንበል፤ 36 ኪሎ አመድ ያስፈልጋል። ከ100 ኪሎ ደረቅ አገዳ የሚቀረው አመድ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ነው። ስለዚህ 36 ኪሎ አመድ ለማግኘት ከ360 እስከ 720 ኪሎ አገዳ ይቃጠላል። ከአንድ ጆንያ ያነሰ ሲሚንቶ ለማትረፍ! አንድ የአገራችን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ትንሹን ቁጥር ብንወስድ እንኳ ያቃጠልነው የአንድ በሬ የሁለት ወር ቀለብ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን ትክ ብለው አዩትና «በሬዬን አርጄ ሲሚንቶ ልገዛ ነዋ» አሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ለኮንክሪት ተብሎ አንድም አገዳ አይቃጠል። ሥራ ላይ የሚውል አመድ ካለ፣ ቀድሞውንም አመድ የሆነው ነው። ምድጃው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ምግብ ቤቱ በየቀኑ የሚደፉት።

እሱም ቢሆን እንዲሁ አይዘገንም። አንድ ቀን እናቴን «እማ፣ አመዱን የት ነው የምትደፊው?» ብዬ ጠየቅኳት። «የቱን?» አለችኝ። ለካ ለእሷ አመድ አንድ አይደለም። ጥቁሩን፣ ከሰል የቀላቀለውን፣ ለጓሮው ትደፋዋለች። ነጣ ያለውንና የላመውን ለዕቃ ማጠቢያ በቆርቆሮ ትይዘዋለች፣ ከዘር ማሽላ ጋርም ነቀዝ እንዳይነካው ታሸዋለች። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ይህንኑ ለማወቅ አመዱን በትንሽ ማሰሮ መዝነን 750 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ እናስገባዋለን፣ ሲወጣ እንደገና እንመዝነዋለን፣ የጎደለው በአብዛኛው ያልተቃጠለ ከሰል ነው። ኤኤስቲኤም ሲ618 የሚባለው መለኪያ ለተፈጥሮ ፖዞላና ይህ ጉድለት ከመቶ 10 እንዳይበልጥ፣ ሲሊካው፣ አሉሚናውና ብረቱ ተደምረው ከመቶ 70 እንዳያንሱ ይጠይቃል። እናቴ ያለ ሚዛን በቀለሙና በጣቷ ነው የምትለየው። ከሰል የበዛበት አመድ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፤ ሠራተኛው ቅልቅሉ ሲደርቅበት ውሃ ይጨምራል፤ ያኔ ጉልበቱ አብሮ ይሄዳል።

ግን ነጭነት ብቻውን አይበቃም። የግራር እንጨት አመድም ይነጣል፤ እሱ ግን አብዛኛው ኖራና ፖታሽ ነው፣ ሲሊካው ጥቂት ነው። ኩበት የነደደበት ምድጃ አመድ አፈር ይቀላቀልበታል። ሌላም ነገር አለ፦ እሳቱ ከመጠን በላይ ሲግልና ሲቆይ፣ ከ700 እና ከ800 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሲሊካው ተደርድሮ እንደ አሸዋ ይሆናል። ሲሊካ ነው፣ ግን ተኝቷል፤ ከኖራ ጋር አይሠራም። አገዳ ደግሞ ከገለፈት የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ፖታሽና ክሎሪን ይበዛበታል። የአመድ ውሃ እጅ ላይ የሚያሟልጨው በዚያ ፖታሽ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ ከአንዳንድ ጠጠር ጋር ተጣልቶ ከዓመታት በኋላ ሊያሰነጥቅ ይችላል፣ ክሎሪኑም ፌሮ ያዝጋል። ፌሮ ያለበት ቦታ ላይ የአገዳ አመድ እንዳይገባ አጥብቄ የምለምነው ለዚህ ነው። ኮለኑ ዛሬ ቆሟል፤ ዝገቱ የሚናገረው ልጆቻችሁ ቤቱ ውስጥ ሲኖሩበት ነው።

ላብራቶሪ የሌለው ሰው በቤቱ የሚሞክራት አንዲት ፈተና አለች። ሁለት እጅ የላመ አመድ፣ አንድ እጅ የበረደ ኖራ በጥቂት ውሃ ቦክቶ የሎሚ ያህል ይድበለበላል። በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ይሞላና ኳሷ ትጣላለች። አመዱ ሙት ከሆነ ኳሷ ደቂቃም ሳትቆይ ሟሙታ ውሃውን ታደፈርሳለች። ሕያው ከሆነ ኳሷ ኳስ ሆና ትቀመጣለች፤ በማግሥቱ አውጥታችሁ በጥፍር ብትቧጭሯት አትፈረፈርም። ይህች ኳስ ስለ ፌሮ ዝገት አትነግራችሁም። ግን ያ አመድ አቧራ ይሁን ማጣበቂያ ትለይላችኋለች። ብዙ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህችን ቢያደርግ ኖሮ እኔ የምሰብረው ኩብ ይቀንስ ነበር።

መፍጨቱም አለ። አመዱ ከሲሚንቶ እኩል ካልላመ ሥራው ቀዳዳ መሙላት ብቻ ነው። አንድ ወጣት አመድ ይዞ ወፍጮ ቤት ሄዶ ባለ ወፍጮው አባረረው ሲባል ሰምቼ ባለ ወፍጮውን አመሰገንኩ። የሰው ዱቄት በሚፈጭበት ድንጋይ አመድ አይፈጭም። ለብቻው የሚሠራ ወፍጮ ከሌለ፣ በጥሩ ወንፊት ያለፈውን ብቻ መውሰድ ነው፤ ያኔም የሚገኘው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሳይት እንሂድ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። ጥናት ላይ «10 ከመቶ» የሚለው በክብደት ነው። ሳይት ላይ ሚዛን የለም፤ ጆንያ፣ ሳጥን፣ ባሬላና ጣሳ ነው ያለው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። አመድ ግን ቀላል ነው፤ በአንድ ጣሳ ብዙ ጊዜ የሲሚንቶን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በታች ይመዝናል። ስለዚህ ሠራተኛው ከጆንያው 5 ኪሎ የሚሆን ሲሚንቶ በጣሳ ቀንሶ በዚያው ጣሳ አመድ ሲሞላ የገባው 2 ኪሎ ተኩል ወይም ያነሰ ነው። ሲሚንቶው ጎደለ፣ በምትኩ የገባው ግማሹ ነው። ተተካ ተባለ እንጂ ተቀነሰ። ጋሼን «ከሥጋ ቤት ሚዛን ተዋሱ» ያልኳቸው ለዚህ ነው፤ ተዋሱም።

ውሃውም እዚሁ ይነሳል። ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ከዞብል ተራራ ማዶ አፋር ነው፤ ንፋሱ ደረቅ ነው። ቀትር ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ማታ ላይ ፊቱ ተሰነጣጥቆ ያድራል። አመድ ያለበት ኮንክሪት ዘገምተኛ ነው ብያለሁ፤ ዘገምተኛ ነገር ሳይደርስ ከደረቀ እዚያው ይቆማል። ተራውን ኮንክሪት 7 ቀን ውሃ የምታጠጡት ከሆነ ይህን 14 ቀን አጠጡት። በጀሪካን በአህያ ለሚቀዳ ሰው 14 ቀን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ከማፍሰስ ይልቅ እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ላዩን በላስቲክ ሸፍኑት፤ ጆንያው ሳይደርቅ ይውላል፣ ውሃውም ይተርፋል።

አንድ የሚያመኝን ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሳይት ላይ ኩብ ልሞላ ሄጄ ሞልዶቹ ተሞልተው ጠበቁኝ። «ደክመህ ትመጣለህ ብለን ነው» አሉኝ። ወስጄ ስሰብራቸው ከሚገባው በላይ ጠነከሩ። ግንበኛው ኋላ በሹክሹክታ ነገረኝ፦ ለኩቡ ለብቻው ሲሚንቶ የበዛበት ቅልቅል ተቦክቶ ነበር። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ሌላ ነው። ይህ ከአመድ ጋር ምን አገናኘው አትበሉ። አመድ በጥናት ሳይሆን በልማድ ሳይት ላይ ከገባ፣ ላብራቶሪ የሚመጣው ኩብ አመድ የሌለበት፣ ሶለታው ውስጥ ያለው ግን አመድ የበዛበት እንዳይሆን ምን ያግደዋል? አመድ ሲሚንቶን ይመስላል፤ ግራጫ ነው፣ ይቦንናል። ከተቀላቀለ በኋላ በዓይን የሚለየው የለም። ቤት የምታሠሩ ሰዎች ሆይ፣ ኩቡ ሲሞላ ቁሙ። ከሚፈሰው ሚክሰር፣ በፊታችሁ፣ ከመሐል ተወስዶ ይሞላ። ማንም ቅር አይበለው።

ሌላው የምንሾካሾከው ይህ ነው፦ ሲሚንቶ የምናባክነው አመድ ስላጣን አይደለም። ከወንዙ የሚጫነው አሸዋ ደለል አለው። የአገራችን ደረጃ የአሸዋ ደለል ከመቶ 6 እንዳይበልጥ ይላል። አሸዋውን በመስታወት ጠርሙስ ግማሽ አድርጋችሁ፣ ውሃና ጥቂት ጨው ጨምራችሁ፣ በደንብ ነቅንቃችሁ ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚቀመጠው ቡናማ ሽፋን ወፍራም ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ለሠራተኛው እንዲቀለው ተብሎ የሚጨመረው ትርፍ ባልዲ ውሃም እንዲሁ ነው። እነዚህን ሁለቱን ያስተካከለ ሰው 10 ከመቶ አመድ ከሚያተርፍለት በላይ ጉልበት ያገኛል፤ ምንም ሳያቃጥል። ይህን በየሳይቱ ስናገር እንደ ሰበብ ይታይብኛል፤ አዲስ ነገር ስላልሆነ ነው። ፕሬሱ ግን በየሳምንቱ የሚነግረኝ እሱን ነው።

ታዲያ አመድ የትም አይገባም ማለቴ ነው? አይደለም። ከመሠረት በታች የሚፈሰው፣ ፌሮ የሌለበት ሊን ኮንክሪት፣ የግቢ ንጣፍ፣ የአጥር ግድግዳ ልስን፣ ሸክም የሌለበት ብሎኬት፤ እነዚህ ለአመድ ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ቢሳሳት የሚወድቅ የለም። ኮለን፣ ሶለታና ቢም ግን ከፍተሻ በፊት አይነካኩ።

ደህና አመድ ከፈለግን ደግሞ የምናውቀው መንገድ አለ። ከወልድያ ወደ ምዕራብ የቻይና መንገድ በሚባለው በደብረ ታቦር በኩል ወርዳችሁ ወረታ ስትደርሱ፣ ፎገራ ነው፤ ሩዝ ነው። የሩዝ ገለፈት ከብት ወዶ አይበላውም፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አጠገብ ይከመራል። ከ100 ኪሎ ገለፈት 20 ኪሎ ያህል አመድ ይቀራል፤ በትክክል ከተቃጠለ ከዚያ አመድ ከመቶ 85 እና ከዚያ በላዩ ሲሊካ ነው። ገለፈቱ ቀላል ስለሆነ እሱን መጫን ባዶ መኪና እንደ መንዳት ነው፤ እዚያው ተቃጥሎ፣ እሳቱም ለአንዳች ሥራ ውሎ፣ አመዱ ቢጫን ግን ሒሳቡ ይሞላል። ቆቦ ያለ ሰው ስለ አመድ ሲጠይቀኝ ከራያ አገዳ ይልቅ የፎገራን ገለፈት የምጠቁመው ለዚህ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አንድ ልጅ በፒፒሲ፣ በክብደት ለክቶ፣ እስከ 90 ቀን ጠብቆ፣ ፌሮውን አስገብቶ ቢፈትሽልን ሥራው መደርደሪያ ላይ አይቀርም። እኔ ራሴ ይዤው በየሳይቱ እዞራለሁ።

ይህን ሁሉ የምለው ቆቦ ስለቆሰለች ነው። የሰሜኑ ጦርነት በየሰፈሩ ግድግዳ አፍርሷል። ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ነበር፣ የዚያው የመቀሌ ፋብሪካ የመሰቦ ሲሚንቶም ከማዶ ቀርቶ ነበር። ከሙገርና ከደርባ ፋብሪካዎች የሚመጣው ደግሞ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ከዚያም 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው። ሰው የፈረሰ ቤቱን ለማቆም አመድ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሁለተኛ እንዳይፈርስበት ብቻ ነው የምሾካሾከው።

ጋሼ ምን አደረጉ? መሠረቱንና ኮለኑን በሙሉ ሲሚንቶ አፈሰሱ፤ ለዚያ አንድ ወይፈን ሸጡ። ከቦዩ ሥር ለሚገባው ሊን ኮንክሪት ግን ከሦስት ጎረቤት ምድጃ ነጩን አመድ ለቅመን፣ በእናቴ ወንፊት ነፍተን፣ ኳሷን ሠርተን ሞከርን። ኳሷ ሁለት ሳምንት ጠብቃ ውሃ ውስጥ ሳትሟሟ አደረች። በሥጋ ቤቱ ሚዛን 5 ከመቶ መዝነን ቀላቀልን። ጋሼ ራሳቸው አጠገቤ ቆመው ስድስት ኩብ ከአመድ ጋር፣ ስድስት ያለ አመድ ሞላን። በእርጥብ ሲሚንቶው ላይ በሚስማር «አ» እና «ያ» ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው።

በ28 ቀን ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት ሰበርኩ። «አ»ዎቹ ከ«ያ»ዎቹ ትንሽ ዝቅ አሉ፤ ግን ጮኹ። ስልክ ደውዬ ስነግራቸው «የቀሩትንስ?» አሉኝ። የቀሩት ስድስቱ አሁንም ገንዳው ውስጥ ውሃ ላይ ናቸው። 90 ቀናቸው መጋቢት መጨረሻ ላይ ይሞላል። ያን ቀን መጥተው አጠገቤ እንደሚቆሙ ነግረውኛል።